መንደሩ ሌላ፣ ኮሙናው ሌላ፦ የሮማኒያ ገጠር በበትርና በኩል ሲነበብ

የሮማኒያን የገጠር መሬት ወረቀት የሚያስተረጉም፣ የአያቱን ስም ከመዝገብ የሚፈልግ ወይም ካርታ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ገና ሲጀምር ነው። ወረቀቱ ላይ ያገኘው ስም የመንደር ይሁን የኮሙና ሳይለይ ይነሣል። መንደር፣ በእነሱ አጠራር «ሳት»፣ ቤት አለው፣ ቤተ ክርስቲያን አለው፣ መቃብር አለው፤ በሕግ ፊት ግን ሰውነት የለውም። አይከስም፣ አይከሰስም፤ በጀትም ማኅተምም የለውም። ይህ ሁሉ ያለው ኮሙናው ነው። ስለዚህ «የቱ መንደር?» ከማለት በፊት «የየትኛው ኮሙና መንደር?» ማለት ይቀድማል።

ኮሙና ማለት አንድ ወይም ብዙ መንደሮች ከነእርሻቸው፣ ከነግጦሻቸውና ከነደናቸው በአንድ ላይ የሚተዳደሩበት የገጠር ግዛት ነው። አገሪቱ ዡዴጽ የሚባሉ 41 አውራጃዎች አሏት፤ ዋና ከተማዋ ቡካሬስት ለብቻዋ ትቆጠራለች። በአውራጃዎቹ ውስጥ 2,862 ኮሙናዎች አሉ። ኮሙናን «ቀበሌ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ እኔ አልስማማበትም። ቀበሌ ሲባል ከላይ ወረዳ የሚያዘው እርከን ነው የሚታሰበው። የኮሙና ከንቲባ ግን ለአውራጃው ምክር ቤት አይታዘዝም፤ በአስተዳደር ሕጉ በሁለቱ መካከል የበላይና የበታች የሚባል ነገር የለም። ቃሉን እንዳለ «ኮሙና» ብሎ መተው ይሻላል።

የዛሬው ወሰን በአብዛኛው የ1968 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች እንዲሁ) ሥራ ነው። ከ1950 ጀምሮ አገሪቱ በሶቪየት አምሳል ሬጂዩኔና ራዮን በሚባሉ ክፍሎች ተከፋፍላ ነበር፤ የ1968ቱ ሕግ ቁጥር 2 ያንን አፍርሶ ዡዴጾቹን መለሰ፤ ብዙ ትናንሽ ኮሙናዎችንም አንዱን ከሌላው አዋሐደ። ከ1989 በኋላ ደግሞ አንዳንዶቹ ተመልሰው ተለያዩ። በ1960ዎቹ ወረቀት ላይ ያለ የኮሙና ስም ዛሬ ካለው ጋር ካልገጠመ ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ መንደሩ ባለበት ቆሞ ኮሙናው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ምሳሌ የማደርጋት በትርናን ነው። በምዕራብ ሮማኒያ፣ በሁኔዶዋራ አውራጃ፣ በፖያና ሩስከ ተራሮች ላይ ያለች ኮሙና ናት፤ የአውራጃው መቀመጫ ዴቫ ነው። በአገሪቱ ካሉት ኮሙናዎች እጅግ ጥቂት ሰው ካላቸው መካከል ናት። በ2011 ቆጠራ 127 ነዋሪ ነበራት፤ በ2021ዱ ቆጠራ ከ100 በታች ወርዳለች። ሕጉ በትንሽ ቦታ ላይ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ከእሷ የተሻለ የለም።

ስለ ስሟ አንድ ነገር ልበል። ሮማኒያኛ አውሮፓውያንን የሚያስቸግሩ ሁለት ድምፆች አሉት፦ አንደኛው ለእኛ ግዕዝ ፊደል፣ ሌላው ለሳድሱ የቀረበ ነው። ጀርመኑም ፈረንሳዩም የሚሰናከልበትን አማርኛ ተናጋሪ «በትርና» ብሎ ጽፎ እንዳለ ያነበዋል። ትርጉሙ «አሮጊቷ» ነው። ኮሙናዋ አራት መንደር አላት፦ በትርና፣ ፋጻ ሮሺዬ፣ ፒያትራ እና ረኪጻዋ። ፒያትራ ድንጋይ ነው። ረኪጻዋ ረኪተ ከሚባለው የአኻያ ዛፍ ወገን የመጣ ስም ነው። ፋጻ ሮሺዬ ቃል በቃል «ቀይ ፊት» ቢሆንም በሮማኒያ የቦታ ስም ውስጥ ፋጻ ፀሐይ የሚመታው የተራራ ገጽ ነው፤ በጥላ በኩል ያለው ጀርባው ደግሞ ዶስ ይባላል። ይህን የሚያውቅ ሰው ካርታ ሲያነብ የትኛው ዳገት በረዶው ቶሎ እንደሚቀልጥ ከስሙ ይገምታል።

አካባቢው የፐዱሬኒ ምድር ይባላል፤ የደን ሰዎች ምድር ማለት ነው። የተራራው ከፍታ ብዙ አይደለም፤ የፖያና ሩስከ ጫፍ 1,400 ሜትር እንኳን አይሞላም። ለአስተዳደር የሚከብደው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። በሌላው የአውሮፓ ተራራ ብዙ ጊዜ መንደሩ ሸለቆ ውስጥ ወንዝ ዳር፣ ደኑ ከላይ ነው። እዚህ ግን የተገላቢጦሽ ነው፦ ሸለቆዎቹ ጠባብና ደን የሸፈናቸው ናቸው፤ ሰዉ የሰፈረው ከላይ፣ በተራራው ትከሻና በሜዳማው ጀርባ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት በካርታ ላይ ጎረቤት የሚመስሉ ሁለት መንደሮች በመካከላቸው ገደል አለ፤ መንገዱ ወርዶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ መውጣት አለበት። የውኃ መስመር ከአንዱ ወደ ሌላው መሳብም እንዲሁ ነው፤ ውኃው ከታች፣ ቤቱ ከላይ። በሜዳ ላይ ላለች ኮሙና የሚበቃ ገንዘብ እዚህ ሩቡን ሥራ አይሠራም። የአገሩ ሰው ድሮ ከታች በጌላር እና በቴሊዩክ የብረት ማዕድን፣ በሁኔዶዋራ ከተማ ደግሞ የብረት ፋብሪካው ይጠራው ነበር። ወጣቱ ወረደ፤ ከ1989 በኋላ ማዕድኑና ፋብሪካው ሲዳከሙም ወደ ላይ የተመለሰው ጥቂት ነው።

እንግዲህ ሕጉ እዚህ ላይ ምን ይላል? ነዋሪዋ እስከ 1,500 የሆነች ኮሙና 9 አባላት ያሉት ምክር ቤት ይኖራታል፤ ከ1,501 እስከ 3,000 ከሆነ 11፣ እስከ 5,000 ድረስ 13፣ እስከ 10,000 ድረስ 15 እያለ ይሄዳል። ከ9 በታች የለም። ከዚያ ሌላ ከንቲባው፣ «ፕሪማር»፣ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣል፤ ዘመኑ 4 ዓመት ነው፤ ሁለተኛ ዙር የለም፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ በአንድ ዙር ያሸንፋል። ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 23 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ምክትሉን፣ «ቪቼፕሪማር»ን፣ አማካሪዎቹ፣ ማለትም የምክር ቤቱ አባላት፣ ከመካከላቸው ይመርጣሉ፤ የአማካሪነት ወንበሩም አይለቀቅበትም። ከመቶ የማይሞላ ሕዝብ ከራሱ 10 ሰው መርጦ ያስቀምጣል ማለት ነው።

ይህ ለሚያነብ ሰው ብክነት ሊመስለው ይችላል፤ ትልቁ ችግር ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ምክር ቤቱ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ይሰበሰባል፤ ለመደበኛው ስብሰባ ከ5 ቀን በፊት፣ ለአስቸኳዩ ከ3 ቀን በፊት ጥሪ ይወጣል። ከ9 አባላት 5 ካልተገኙ ስብሰባ የለም። በጀትና የአካባቢ ግብር ለማጽደቅ የሁሉም አባላት አብላጫ፣ ማለትም 5 ድምፅ ያስፈልጋል፤ የኮሙናውን ንብረት ለመሸጥ ሁለት ሦስተኛ፣ 6 ድምፅ ይጠይቃል። አሁን በዚህ ላይ የጥቅም ግጭት ደንቡን ጨምሩበት፦ ጉዳዩ ራሱን፣ የትዳር ጓደኛውን ወይም የቅርብ የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዘመዱን የሚነካ አማካሪ ድምፅ አይሰጥም። ሦስት መቶ ዓመት እርስ በርሱ ሲጋባ በኖረ መንደር የቅርብ ዘመድ የሌለበት ጉዳይ ጥቂት ነው! የጋራ ግጦሹን ማን ይከራየው የሚለው ቀላል ጥያቄ ሲነሣ ሦስት አማካሪ መውጣት ካለበት ከቀሩት ስድስቱ አምስቱ ካልተስማሙ ነገሩ ያድራል። ሳይወጣ ድምፅ የሰጠ ካለ ደግሞ ውሳኔው ፍርድ ቤት ይፈርሳል። ለወራት ተከታትሎ ያልተሰበሰበ ምክር ቤት በሕግ ይበተናል።

ይህን ሁሉ በሥርዓት የሚይዘው ዋና ጸሐፊው ነው፣ «ሴክሬታር ጄኔራል»። ፖለቲከኛ አይደለም፤ በሙያው የተቀጠረ፣ ሕግ ወይም አስተዳደር ያጠና ባለሥልጣን ነው፤ ከንቲባ ሲቀየር አይቀየርም። የምክር ቤቱን ውሳኔ ከሰብሳቢው ቀጥሎ ይፈርማል፤ ሕገ ወጥ ከመሰለው ምክንያቱን ጽፎ አልፈርምም ይላል። ውሳኔው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ለፕሬፌክቱ ይላካል። ፕሬፌክት በየአውራጃው መንግሥት የሚሾመው ወኪል ነው፤ ከንቲባውን አያዝዘውም፣ ሕግ ተጣሰ ብሎ ካመነ ግን ውሳኔውን አስተዳደር ፍርድ ቤት ያቀርበዋል። በእኔ እምነት ትንሽ ኮሙና የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በከንቲባው አይደለም፣ በጸሐፊው ነው። ሩቅ ተራራ ላይ ለመሥራት የሚመጣ የሕግ ምሩቅ ማግኘት ከባድ ነው፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ሲከርም ወረቀት ሁሉ ይቆማል።

አማካሪ ያልደረሰው መንደርስ? ለእሱ «የመንደር ተወካይ» የሚባል አለ። ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ይመርጡታል፤ የመንደሩ ጉዳይ ሲነሣ መጠራት አለበት፣ ድምፁ ግን ለምክር ብቻ ነው የሚቆጠረው። መቀመጫ የሆነው መንደርና የቀሩት መንደሮች በደረጃም ይለያሉ፦ ስለ ከተሞችና መንደሮች ደረጃ በ2001 በወጣው ሕግ ቁጥር 351 ቡካሬስት ደረጃ 0፣ የኮሙና መቀመጫ መንደር ደረጃ 4፣ ሌላው መንደር ደረጃ 5 ነው። የቤትና የመሬት ግብር ስሌትም ደረጃውን ይከተላል። በዚሁ ሕግ አዲስ ኮሙና ለማቋቋም ቢያንስ 1,500 ነዋሪ ያስፈልጋል። ነባሮቹ ግን ከዚያ ስለወረዱ ብቻ አይሰረዙም፤ ለማዋሐድ ሕዝበ ውሳኔና የፓርላማ ሕግ ይጠይቃል፤ መቀመጫውን ለጎረቤት አሳልፎ መስጠት የሚወድ መንደር ደግሞ ብዙ የለም።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ነገር የእርሻ መዝገቡ፣ «ሬጂስትሩ አግሪኮል»፣ ነው። በከንቲባው ጽሕፈት ቤት፣ በፕሪማሪያው፣ ይቀመጣል፤ በ5 ዓመት አንድ ጊዜ አዲስ ይከፈታል፤ ያሁኑ ከ2025 እስከ 2029 የሚያገለግለው ነው። በወረቀትም በኮምፒዩተርም ይያዛል። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቦታ አለው፤ ወረቀት ላይ «ጥራዝ ይህን፣ ቁጥር ይህን» ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። በዚያ ገጽ ላይ የቤተሰቡ አባላት፣ መሬቱ በዓይነት በዓይነቱ (የሚታረስ፣ ግጦሽ፣ የድርቆሽ ሜዳ፣ የፍራፍሬ ቦታ፣ ደን)፣ የተዘራው፣ ላሙ፣ በጉ፣ ፈረሱ፣ የንብ ቀፎው፣ ቤቱና ጎተራው፣ ትራክተሩ ሳይቀር ይሰፍራል። መዝገቡ አራት ዓይነት ነው፦ አንደኛው እዚያው ለሚኖሩ፣ ሁለተኛው መሬት እያላቸው ሌላ ቦታ ለሚኖሩ፣ የቀሩት ሁለቱ ለድርጅቶች። ሁለተኛዎቹን የአገሩ ሰው «ስትረይናሽ» ይላቸዋል፣ ባዕዶቹ እንደ ማለት ነው። ሰው እየፈለሰ በሄደበት ተራራ የሁለተኛው ዓይነት ጥራዝ ከአንደኛው እየወፈረ ይመጣል፤ የኮሙናው ታሪክ በሁለቱ ጥራዞች ውፍረት ይነበባል።

ባለቤቱ በየዓመቱ ከጃንዋሪ 5 እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለውን ያስመዘግባል፤ በሜይ ወር የዘራውን ያሳውቃል፤ ለውጥ ካለ በ30 ቀን ውስጥ ያስተካክላል። ይህን የሚዘነጋ ሰው ችግሩን የሚያየው የገበሬ ድጎማ ሲጠይቅ ነው። የድጎማ መሥሪያ ቤቱ፣ አፒያ፣ ከመዝገቡ የተቀዳ ማስረጃ ይጠይቃል፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ስፋትና በአየር ፎቶ ላይ ገበሬው የሳለው ስፋት ካልገጠመ ክፍያው ይያዛል። እና በጣም ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ምክንያቱም መዝገቡ ባለቤቱ የተናገረውን የሚጽፍ እንጂ መሬት ለክቶ የሚያረጋግጥ አይደለም። የእርሻ መዝገብ የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ይህን ሳያውቁ በእሱ ብቻ ተማምነው ውል የሚፈራረሙ ሰዎች አሉ።

ባለቤትነት የሚረጋገጠው በመሬት መጽሐፉ፣ «ካርቴ ፉንቺያረ»፣ ነው። ሁኔዶዋራ ድሮ በሃብስቡርግ፣ በኦስትሪያ ነገሥታት ቤት፣ ሥር ስለነበረች መጽሐፉ ከዚያ ዘመን የወረደ ነው፤ ከካርፓቲያ ተራሮች ወዲያ ማዶ፣ በቫላኪያና በሞልዳቪያ ግን በ1996 ሕግ እስኪወጣ ድረስ ሌላ ዓይነት ምዝገባ ነበር። በሜዳው አገር ከ1949 እስከ 1962 መሬቱ በኅብረት እርሻ ተጠቃልሎ ከ1991 በኋላ በሕግ ቁጥር 18 ተመለሰ፤ ባለቤቱም አዲስ የባለቤትነት ወረቀት አገኘ። በተራራማው ክፍል ግን የኅብረት እርሻ ያልደረሰባቸው መንደሮች ብዙ ናቸው። መሬቱ ስላልተወሰደ አልተመለሰም፤ ስላልተመለሰም አዲስ ወረቀት የለም። መጽሐፉ ላይ ያለው ስም የቅድመ አያት ነው፤ ወራሹ አርባ ሰው ሆኖ ግማሹ ጣሊያንና ስፔን ነው። ስፋቱም በአሮጌ መለኪያ ነው የተጻፈው፦ አንድ ዩገር 1,600 ካሬ ስትንዤን ነው፣ ወደ 5,755 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ አንድ ካሬ ስትንዤን 3.6 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ከተራሮቹ ወዲያ ያለው ፖጎን ደግሞ ወደ 5,012 ካሬ ሜትር ነው። ሁለቱም «ግማሽ ሄክታር ገደማ» ስለሚባሉ አንዱን ለሌላው የሚያደርግ ተርጓሚ በ10 ዩገር ላይ ከ7,000 ካሬ ሜትር በላይ ያጠፋል።

ሽያጭ ላይ ሁለት ቃላት ወሳኝ ናቸው። ኢንትራቪላን ለመኖሪያ የተከለለው ክልል ውስጥ ያለ መሬት ነው፤ ኤክስትራቪላን ከዚያ ውጭ ያለው ነው። ወሰኑን የሚያሰምረው የኮሙናው ጠቅላላ ፕላን ነው። ኤክስትራቪላን የእርሻ መሬት ለመሸጥ በ2014 ሕግ ቁጥር 17 መሠረት ባለቤቱ የሽያጭ ሐሳቡን ከነዋጋው ለፕሪማሪያው ያስገባል፤ እነሱም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ 45 የሥራ ቀን ይለጥፉታል። በዚያ ጊዜ ቅድሚያ ያላቸው በተራ ይጠበቃሉ፦ የጋራ ባለቤቶች፣ የትዳር ጓደኛና እስከ ሦስተኛ ደረጃ ያሉ ዘመዶች፤ ከዚያ በመሬቱ ላይ እርሻ ያለማና ተከራዩ፤ ከዚያ አዋሳኙ፤ ከዚያ ወጣት ገበሬው፤ እየተባለ መጨረሻው መንግሥት ነው። ማንም ካልመጣ ብቻ ለሌላ ገዢ ይሸጣል፣ ዋጋውም ከተለጠፈው በታች መሆን የለበትም። ሰሌዳውን ዘልሎ የተደረገ ሽያጭ ከመጀመሪያውም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ከመስታወት በስተጀርባ በፒን የተሰኩት እነዚያ የገረጡ ወረቀቶች ቀላል አይደሉም፤ 45 የሥራ ቀን ማለት ከ2 ወር በላይ ነው፤ ወረቀቱ በግማሽ ቢወድቅ ወይም የአዋሳኙ ስም ቢሳሳት ነገሩ ከሀ ይጀመራል።

ለአገራችን ሰዎች የሚነካ አንድ ነጥብ እዚህ አለ። በሮማኒያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 መሠረት የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ የውጭ ሰው መሬት ሊይዝ የሚችለው በአገሮች ስምምነት ወይም በሕጋዊ ውርስ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቤቱን ቢገዙት እንኳ ከሥሩ ያለው መሬት የራስዎ አይሆንም። የስዊድን ወይም የጀርመን ዜግነት ያለው ሐበሻ ግን ከ2014 ጀምሮ የእርሻ መሬትም መግዛት ይችላል፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ተራ እሱንም ይጠብቀዋል።

ግንባታ ለሚያስብ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ወረቀት «ቸርቲፊካት ዴ ኡርባኒዝም» ነው። ይህ ወረቀት ቦታው ላይ ምን እንደሚፈቀድና የትኞቹን ፈቃዶች መሰብሰብ እንዳለብዎ ይናገራል እንጂ ራሱ የግንባታ ፈቃድ አይደለም። እሱን ይዘው መሠረት የሚቆፍሩ ሰዎች ቅጣት ያገኛቸዋል። ትንሽ ኮሙና የራሷ አርክቴክት ስለማይኖራት ጉዳዩ የአውራጃውን ባለሙያ አስተያየት ይጠብቃል፤ ቀጠሮ ሲይዙ ይህን ቀን ጨምረው ይቁጠሩ። የአካባቢ ግብር በማርች 31 እና በሴፕቴምበር 30 ይከፈላል፤ ሁሉንም አስቀድሞ ለከፈለ ምክር ቤቱ እስከ 10 በመቶ ቅናሽ ሊወስን ይችላል።

አድራሻ ስትጽፉ ቅደም ተከተሉ መንደር፣ የቤት ቁጥር፣ ኮሙና፣ አውራጃ፣ ባለ 6 አኃዝ የፖስታ ቁጥር ነው። በብዙ መንደሮች የመንገድ ስም የለም፤ ቤቶቹ በመንደሩ ውስጥ በተራ የተቆጠሩ ናቸው። «በትርና፣ ቁጥር 20» ብቻ ቢባል መንደሯን ይሁን ኮሙናዋን አይለይም፤ በፒያትራም ቁጥር 20 ሊኖር ይችላል። ዡዴጹን መተውም አደገኛ ነው፦ ኡኒሬያ ወይም ሽቴፋን ቸል ማሬ የሚባሉ ኮሙናዎች በተለያዩ አውራጃዎች ተደጋግመው አሉ። ይህን ለመፍታት የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ሲሩታ የሚባል ቁጥር ሰጥቷል፤ ለኮሙናው አንድ፣ ለእያንዳንዱ መንደር ሌላ፤ የመጨረሻው አኃዝ ስሕተት መቆጣጠሪያ ነው። የሕዝብ ቁጥር ሠንጠረዥ ስታገናኙ በስም ሳይሆን በሲሩታ አገናኙ፤ ያኔም የኮሙናውን ቁጥር ከመቀመጫው መንደር ቁጥር እንዳታምታቱ።

መንገድ ላይ ደግሞ የኪሎ ሜትር ድንጋዩን ራስ ተመልከቱ። ቀይ ከሆነ ብሔራዊ መንገድ ነው፣ የመንግሥት ኩባንያ ይይዘዋል። ሰማያዊ ከሆነ የአውራጃው ነው። ቢጫ ከሆነ የኮሙናው ነው፤ ጉድጓዱንም በረዶውንም የሚጠየቀው ያው ዘጠኝ አማካሪ ያለው ምክር ቤት ነው። ቅሬታ ይዞ ወደ ፕሪማሪያው የሚሄድ ሰው ድንጋዩ ሰማያዊ ከነበረ መልሱ «ዴቫ ሂድ» ነው።

የቤተሰብ መዝገብ ለሚፈልጉ፦ በዚህ ክፍል የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ የጀመረው በኦክቶበር 1895 ነው፣ ያኔ አገሩ በሃንጋሪ ሥር ስለነበር ጽሑፉ ሃንጋሪኛ ነው፤ ከካርፓቲያ ወዲያ ማዶ ግን ከ1865 ጀምሮ በሮማኒያኛ ተጽፏል። ከ1895 በፊት ያለው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ከ100 ዓመት ያለፈው ጥራዝ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የአውራጃ ቅርንጫፍ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ፕሪማሪያው ይይዛል። ስትጠይቁ የመንደሩን የሮማኒያኛም የሃንጋሪኛም ስም፣ የዚያን ጊዜውን ኮሙናና የዛሬውን፣ ሁሉንም በአንድ ደብዳቤ ጻፉ።